ሦስት ሺህ አራት መቶ ያልተለዩ

አክስቴ ቤቷ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የምታደርገው መቁጠር ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ስንት እንደሆንን፣ ስንት ወንበር እንደጎደለ፣ ከጎረቤት ስንት እንደምታስመጣ አውቃዋለች። ልጅ ሆኜ ይሄ ሁሉም ሰው ያለው ችሎታ ይመስለኝ ነበር።

የእናቴ ታላቅ እህት ናት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቴ ለእሷ ቤት ስለሚቀርብ አራቱን ዓመት እሷ ዘንድ ተቀምጬ ነው የተማርኩት። ያኔ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበረች። በአንድ መስመር ላይ ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሾፌሮቹ «ትርፍ የለም» ብለው ስም አውጥተውላታል፤ በሩ ላይ ቆማ ውስጡን ከፊት እስከ ኋላ አንዴ ታይና «ትርፍ የለም፣ ዝጋው» ስለምትል ነው። ከተፈቀደው በላይ አንድ ሰው አታሳፍርም። የድሮ ባልደረቦቿ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኟት በዚሁ ስም ይጠሯታል። እሷም «አቤት» ትላለች እንጂ አትቀየምም።

እንዴት እንደምትቆጥር አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚል ሰው አውቶቡስ ላይ አይሠራም» አለችኝ። «እኔ የማየው ወንበሩን ነው። ሙሉ ወንበር አራት ነው። ጎዶሎውን ብቻ ታዪና ትቀንሻለሽ። ሰውን ካየሽማ አንዱ ሽማግሌ ነው፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ በዚያው ትቀሪያለሽ።»

ጉልበቷ ደረጃ መውጣትና መውረዱን እምቢ ሲላት አውቶቡሱን ተወች። ከዚያ በከተማው ዳር፣ ተራራውና ሐይቁ በሚጠጋጉበት ኮረብታ ላይ ባለው የተፈጥሮ ማዕከል በጽዳት ሥራ ገባች። ቦታው ብርድ ሸሽተው የሚሰደዱ አዳኝ ወፎች በየዓመቱ የሚያልፉበት ነው። ንስር፣ ጭላት፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ፣ እነዚህ ሁሉ ሐይቅ ማቋረጥ አይወዱም። ከባድ ወፍን ሽቅብ የሚያነሳው ከመሬት የሚወጣ ሙቅ አየር ነው፤ ውሃ ላይ ደግሞ እሱ የለም። ስለዚህ በተራራውና በሐይቁ መሃል ባለችው ጠባብ ሰማይ ተጨናንቀው ያልፋሉ። ማዕከሉ እዚያ ላይ የእንጨት ማማ ሠርቶ በየዓመቱ ዘጠኝ ሳምንት ያስቆጥራል። የዘንድሮው ካምናው ካነሰ አንድ ቦታ ላይ አንድ ነገር ገጥሟቸዋል ማለት ነው፤ ካልተቆጠሩ ግን ማንም አያውቅላቸውም።

በመጀመሪያው ዓመት ቆጣሪዎቹ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። አክስቴ የማማውን ወለል እየወለወለች ሳለ አንድ ትልቅ መንጋ ከሐይቁ ዳር እየዞረ ወደ ላይ ወጣ። አንደኛው «መቶ ሰማንያ» አለ፤ ሌላው «ሦስት መቶ»። መከራከር ጀመሩ። አክስቴ መወልወያዋን ሳትለቅ ቀና አለችና «ሁለት መቶ አርባ ናቸው። እግራችሁን አንሱልኝ» አለቻቸው። አንዱ መንጋውን ፎቶ አንስቶት ኖሮ ኮምፒውተር ላይ ነጥብ በነጥብ ቢቆጥሩት ሁለት መቶ አርባ ሦስት ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ለኃላፊያቸው ተናገሩ። አክስቴ ግን ስትብሰለሰል የዋለችው በሦስቱ ነበር፤ «ከማን ኋላ ተደብቀው ነው?» እያለች።

በሚቀጥለው ዓመት ቆጣሪ ሆነች። ቁጥሩ የተፈጥሮ ስጦታዋ ነው፤ ዓይነቱን መለየት ግን እንደማንኛውም ተማሪ ተቀምጣ ነው የተማረችው። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ተውሳ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ሽንኩርት እየላጠች አጠናችው። ነገሩን ሁሉ ወደ አውቶቡስ ትመልሰዋለች። ንስር ክንፉን እንደ ሳንቃ ዘርግቶ ነው የሚሄደው፣ እንደ ነባር ሾፌር፣ አይወዛወዝም። ጭላት ክንፉን ቀና አድርጎ ይይዛል። ጭልፊት ጅራቱን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያጣምማል፤ «እሱ መንጃ ፈቃድ ያወጣው ትናንት ነው» ትላለች።

እኔ ሦስት ዓመት ጸሐፊዋ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቆጣሪ ዓይኑን ከሰማይ ማውረድ ስለማይችል አጠገቡ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። በሁለቱ እጆቿ አንድ አንድ ትንሽ የብረት መቁጠሪያ ትይዛለች፤ በጣት በሚገባ ቀለበት ትያዛለች፣ በአውራ ጣት ስትጫኗት ጠቅ ትልና አንድ ትጨምራለች። እኛ ጠቅጠቅ እንላታለን። የቀኝ እጇ ለንስር፣ የግራው ለጭላት ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ስለሚበዙ። ሌላውን በቃሏ ትነግረኛለች። መንጋው ሲበዛ አንድ ጠቅታ እንደ አሥር ይያዛል። ሰዓት በሞላ ቁጥር ቀኟንና ግራዋን ትዘረጋልኛለች፣ አነብና እጽፋለሁ፣ ሁለቱንም ወደ ዜሮ እንመልሳለን።

አንድ ሕግ አላት። ወፎቹ እየዞሩ ወደ ላይ ሲወጡ አትቆጥርም። ከጫፍ ደርሰው በመስመር መፍሰስ ሲጀምሩ ነው የምትጀምረው። «ግርግር ላይ ያለ ተሳፋሪ አይቆጠርም» ትላለች። «አንዱን ሦስት ጊዜ ትቆጥሪዋለሽ፣ አንዱን ትረሺዋለሽ። ይቀመጡ።»

ወረቀታችን ላይ ለየዓይነቱ አንድ አንድ ዓምድ አለ። የመጨረሻው ዓምድ «ያልተለየ» ይባላል። አዳኝ ወፍ መሆኑ ታውቆ ዓይነቱ ያልታወቀ እዚያ ይገባል። በሌሎች የወፍ ቆጠራ ጣቢያዎች ይሄ ዓምድ በየዓመቱ መቶዎች ይገቡበታል። የአክስቴ በአሥር ዓመት ሠላሳ አንድ ብቻ ነው። በዚህ ዓምድ ብዙ ትኮራለች። እዚያ ውስጥ አንድ እንኳ ስታስጽፈኝ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘይት ያፈሰሰች ትመስላለች።

ከዚህ ሌላ የምትኮራበት ነገር አሥሩን ዓመት አንድ ቀን አለመቅረቷ ነው። ሠርጌን ስወስን «ከዘጠኙ ሳምንት አውጪው» አለችኝ። የባሌ ቤተሰቦች ለምን እንደሚዘገይ ቢጠይቁ ባሌ «አክስቷ ንስር አለባቸው» ብሎ መለሰ። አማቴ ይሄን እንደ አንድ የበሽታ ዓይነት ይዛው ከርማ በሠርጉ ዕለት አክስቴን ጠጋ ብላ «አሁን ተሻለዎት?» አለቻት። አክስቴም «የዘንድሮው አልፏል፣ እግዜር ይመስገን» አለች።

የምትመኘው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ወቅታዊ ሠራተኛ ነበረች። ዘጠኙ ሳምንት ሲያልቅ ስንብት ትፈርማለች፤ በዓመቱ እንደ አዲስ ታመለክታለች፣ ትፈተናለች። «አሥር ጊዜ ፈትነውኛል፣ አሥሬም የትምህርት ደረጃሽ ስንት ነው ብለውኛል። እኔ ደግሞ አሥሬም ስምንተኛ ክፍል አልኳቸው፤ በመሃል ከፍ ያለ መስሏቸው እንደሆነ አላውቅም» እያለች ትቀልድበታለች። ዘንድሮ ግን ማዕከሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋና ቆጣሪ ቋሚ ቦታ ከፈተ። ዋና ቆጣሪው ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፣ አዳዲስ ቆጣሪዎችን ያሠለጥናል፣ ያለፉትን ዓመታት መዝገቦች ይይዛል። አክስቴ አመለከተች። ዲፕሎማ ያላቸው ሁለት ሰዎችም አመለከቱ። የሚወስነው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው፤ አንደኛው የማዕከሉ ኃላፊ፣ አንዷ የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ አንዱ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣ የወፍ ባለሙያ፣ ሁሉም «ዶክተሩ» የሚሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደሚደግፏት ይወራል። ዶክተሩ ግን በእሷ ነገር እንደማይስማማ ኃላፊው ራሱ ሹክ ብሎኛል፤ ምክንያቱን ግን አልነገረኝም። በስድስተኛው ሳምንት ሐሙስ ማማው ላይ መጥተው ሊያዩዋት ቀጠሮ ያዙ።

በዚያው ሳምንት ሰኞ አማቴ ታመመች። ልጄን የምትይዝልኝ እሷ ናት። ባሌ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ከከተማ ወጥቷል። ሚጡ ገና አሥር ወሯ ነው። ኃላፊውን ባስፈቅደው «ከወፎቹ ጋር እስካልተሰደደች ድረስ ይዘሻት ነይ» አለኝ። በማግስቱ የሙዝ ካርቶን ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፌ በማማው ጥግ አስቀመጥኳት። አክስቴ «ተሳፋሪ» አለቻት። «ተሳፋሪዋ ተኛች?» «ተሳፋሪዋ ውኃ ጠጣች?» ስትል ዋለች።

ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ዝናብ ጥሎ ወፎቹን ከተራራው ጀርባ አግቶ ይዟቸው ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሰማዩ ተገለጠ። ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹ ታዩ፤ አራት ሰዓት ላይ በሦስት ቦታ መንጋ እየዞረ ይወጣ ነበር። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የላይኛው ጫፍ ሲፈስ የታችኛው ገና ከዛፍ እየተነሳ ነው። አክስቴ እግሯን ከፍታ ቆማ ሁለቱም አውራ ጣቶቿ ይሠራሉ፤ በመሃል «ጭልፊት ሃያ፣ ጭልፊት አሥራ ሁለት፣ ጥንብ አንሳ አራት» ትለኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ነፋሱ ወረቀቴን ያነሳዋል፣ በክርኔ እጫነዋለሁ።

ሚጡ ማልቀስ ጀመረች። ብስኩት ሰጠኋት፣ ዝም አላለችም። ጩኸቷ ሲበረታ አክስቴ ዓይኗን ሳታወርድ «አምጫት» አለችኝ።

«እትዬ፣ ተዪው፣ ትተኛለች።»

«አምጫት አልኩሽ። አንቺ ጻፊ።»

ሰጠኋት። በጎኗ አቀፈቻትና መቁጠሯን ቀጠለች። ሚጡ ወዲያው ዝም አለች፤ ከዚያም የአክስቴን የቀኝ እጅ ይዛ ጠቅጠቋን ከነብስኩቱ ወደ አፏ ከተተችው። አክስቴ «ተሳፋሪ፣ መሪ አይነካም» እያለች ልታስለቅቃት ሞከረች። አልሆነላትም። ሁለቱንም ጠቅጠቆች ከጣቷ አውልቃ መደገፊያው ሳንቃ ላይ አስቀመጠች፣ ልጅቷን መለሰችልኝ፣ በዳሰሳ ጠቅጠቆቹን አንስታ ለበሰች። ሁሉም ነገር ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዓይኗ ከሰማይ አልወረደም። እኔም አየሁ፣ ምንም አልመሰለኝም።

አምስት ሰዓት ሲሞላ እጆቿን ዘረጋች። ቀኝ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጠቅታ፤ ግራ መቶ ሃያ ስድስት። አሥር አሥር ሲያዝ ንስር ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ፣ ጭላት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ። ጻፍኩ። አክስቴ ቁጥሩን ስትሰማ ቅንድቧን አነሳች። «በዝቷል» አለች። ከዚያ ሌላ መንጋ መጣና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ኃላፊው ደረጃውን ወጥቶ ወረቀቱን ሲያይ የመጨረሻው እርከን ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለፈው ትልቁ የንስር ቁጥር ስድስት መቶ ገደማ ነበር። በየቦታው ንስር ቀነሰ እየተባለ በሚነገርበት ጊዜ ሁለት ሺህ ማየት ለእሱ ምን እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል። «እትዬ፣ ዶክተሩ ሐሙስ መጥቶ ይሄን ሲያይ የሚለው አይኖረውም» አለና ወርዶ ለሌሎቹ ጣቢያዎች መልእክት ላከ።

የቀኑ ሥራ የሚያበቃው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ ጠቅጠቆቹን አውልቃ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ልትከት ስትል የግራው ከጣቷ አልወጣ አላት።

«ይሄ ምንድን ነው የሚጣበቀው?»

ቀረብ ብዬ አየሁት። ከቀለበቱ ሥር ብስኩት ደርቆበታል። «ሚጡ ናት። ስታኝከው አልነበር? ስጪኝ ልጥረገው።»

አልሰጠችኝም። «የያዘችው የትኛውን ነበር?»

«የቀኙን።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በቀኝ እጅሽ የነበረውን ነዋ።»

አክስቴ የግራ እጇን ወደ ዓይኗ አቅርባ ብዙ አየችው። ጠቅጠቆቹ ዘንድሮ የተገዙ ናቸው፣ መልካቸው አንድ ነው፣ ምልክት የላቸውም። ከጠዋት ጀምሮ ከእጇ የወረዱት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምሳ እንኳ የምትበላው ለብሳቸው ነው። ስለዚህ ስታነሳቸው አቀያይራቸዋለች። ከአራት እስከ አምስት ሰዓት በነበረው ጊዜ የመጀመሪያው ክፍል ንስሩ በአንደኛው ጠቅጠቅ ተቆጥሯል፣ የቀረው በሌላኛው። እኔ የቀኝ እጇን ንባብ ንስር ብዬ ጽፌያለሁ። ከአምስት ሰዓት በኋላ ያለው ከዜሮ ስለተጀመረ ትክክል ነው። ያቺ አንድ ሰዓት ግን ተቀላቅላለች።

«እንጥረገውና እንሂድ» አልኳት። ይሄን ማለቴን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ፤ ግን ብያለሁ። «ሐሙስ እስኪያልፍ ነው። ማን ያውቃል?»

«ወረቀቱ ከዚህ የት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ጣቢያዎቹ።»

«እነሱስ ምን ይላሉ? ንስር ተርፏል ይላሉ። ፌርማታው ላይ ሰው የለም ተብሎ ከተነገረ ሁለተኛ አውቶቡስ አይላክም፣ ልጄ። እኔ ይሄን ስንት ዓመት አይቻለሁ፣ ዝናብ ላይ ቆመው የሚቀሩትን።»

«እሺ፣ መልሰን እናቀያይረው። ግማሹን ወደዚህ፣ ግማሹን ወደዚያ።»

«ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ላይ ነው ያስቀመጥኳቸው?»

አልጻፍኩትም። «አጋማሹ ላይ ይመስለኛል» አልኳት።

«'ይመስለኛል' የሚባል ዓምድ አለ እንዴ እዚህ ወረቀት ላይ?»

ሁለታችንም ወረቀቱን አየን። ነበረ። መጨረሻው ላይ።

ሚጡን አዝዬ ከኋላዋ ደረጃውን ወረድኩ። በየእርከኑ ጥፋቱ የኔ መሆኑን እነግራታለሁ፤ ልጅቷን ያመጣሁት እኔ፣ ብስኩቱን የሰጠሁት እኔ። በመጨረሻ ዘወር አለችና «ልጅሽን አምጫት ያልኩት እኔ፣ ያስቀመጥኩት እኔ፣ ያነሳሁት እኔ። አንቺ ምን አደረግሽ? የነገርኩሽን ጻፍሽ። አሁን እሷን አልብሻት፣ ይበርዳል» አለችኝ።

ኃላፊው ቦርሳውን ይዞ ሊወጣ ነበር። አክስቴ ቆማ ነገረችው። ስታወራ አላሳመረችውም፤ ልጅ ያዝኩ፣ አስቀመጥኩ፣ አቀያየርኩ፣ በቃ። ጠቅጠቋን ከነብስኩቷ ጠረጴዛው ላይ አደረገችለት።

ኃላፊው ቦርሳውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ለሰባት ጣቢያ ነግሬያለሁ።»

«ደውልላቸዋ፣ አለቃ።»

«እደውላለሁ፣ እሱስ ችግር የለውም።» ብስኩቱን በጥፍሩ ነካ አደረገው። «ሐሙስን እያሰብኩ ነው። ዶክተሩ የሚያነበው ይሄን ወረቀት ነው። አሥር ዓመት ያልሳቱትን አሁን፣ በዚህ ሳምንት…»

«አሁን ነው የሳትኩት፤ ምን ላድርግ፣ ወደ አምና ልውሰደው?»

እሱም ሳቀ፣ ሳቁ ግን አልቆየም። ብዕሯን አውጥታ የአራት ሰዓቱን ንስርና ጭላት በአንድ መስመር ሠረዘች። ሁለቱን ደምራ በመጨረሻው ዓምድ ሦስት ሺህ አራት መቶ ብላ ጻፈች። ዓምዱ ጠባብ ስለሆነ ቁጥሩ ወደ ኅዳጉ ወጣ። ከጎኑ ምክንያቱን በራሷ እጅ ጻፈችና ፈረመች። አሥር ዓመት ሠላሳ አንድ ብቻ የገባበት ዓምድ።

ረቡዕ ዕለት ሥራ ላይ ዋለች። ቀልድ አልነበረም። አማቴ ስለተሻላት ሚጡን ቤት ትቼ መጣሁ፤ አክስቴ ግን ሁለት ጊዜ ወደ ካርቶኑ ዘወር ብላ ባዶ መሆኑን አይታ ተመልሳለች። ቤቷ ሄጄ እራት ብበላስ ብዬ ስጠይቃት «ሂጂ፣ ልጅሽ ትጠብቅሻለች» አለችኝ። እንደዚያ ከልክላኝ አታውቅም።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሦስቱ ወጡ። ዶክተሩ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የራሱን የርቀት መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ ማሰሪያው ተበጥሶ በገመድ ተቀጥሏል። ሰላም ብሎ ቀጥታ ወደ መዝገቡ ሄደ። ማክሰኞን ገለጠ። እኔ ተቀመጥኩ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እናት?»

አክስቴ ነገረችው። ለኃላፊው በነገረችው መልክ፣ አንድ ቃል ሳትጨምር።

«ልጅ ይዘው?»

«ልጅ ይዤ።»

ዶክተሩ ወደኋላ እየገለጠ ያለፉትን ሳምንታት፣ ከዚያም የቀደሙትን ዓመታት መዝገቦች አየ። ቆይቶ «የተቃወምኩዎት ለምን እንደሆነ ነግረውዎታል?» አላት።

«ማን ይነግረኛል? በስምንተኛ ክፍል መስሎኝ ነበር።»

«በዚህ ነው» አለና ጣቱን የመጨረሻው ዓምድ ላይ አደረገ። «አሥር ዓመት፣ ሠላሳ አንድ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሠርቼ በአንድ ጠዋት ሠላሳ አንድ የማልለየው ወፍ ያጋጥመኛል። ይሄን ሳይ፣ ቆጥራ ሳይሆን ገምታ ነው የምትሞላው አልኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የመሰለኝ እሱ ነው።»

አክስቴ ፊቷ ቀላ። ስትናደድ አውቃታለሁ፤ ይሄ ንዴት አልነበረም።

በዚህ መሃል ዶክተሩ መነጽሩን አንስቶ ከተራራው ጫፍ በላይ ወዳለ ነጥብ አዞረ። «ያ ምንድን ነው?» አለ። እየፈተናት ይሁን ወይም እውነት ማወቅ ፈልጎ እንደሆነ አላወቅኩም።

አክስቴ ማማው ላይ በቆመው ባለ ሦስት እግር መነጽር ጎንበስ ብላ አየች። ብዙ አየች። ነጥቡ ክንፍ እንዳለው ብቻ ይታያል። ከዚያ ሳምንት በፊት ቢሆን ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ «ጭላት አንድ» ትለኝ ነበር፣ እኔም እጽፍ ነበር። ነጥቡ ወደ ተራራው ጀርባ ገባ።

ቀና አለች። «አላውቅም» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጻፊ፣ ያልተለየ፣ አንድ» አለችኝ።

«እኔም አላወቅኩትም» አለ ዶክተሩ።

እስከ እኩለ ቀን አብሯት ቆየ። ጠቅጠቋን ተውሶ እሱ ጭላት ሲቆጥር እሷ ንስር ቆጠረች። ስለ ጭልፊቱ መንጃ ፈቃድ ነገረችውና ሳቀ። ሲወርዱ ግን ስለ ውሳኔው አንድም ቃል አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ አንድ ቀናት እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። ስልኳ በጮኸ ቁጥር «አንቺ አንሺው» ትለኛለች፤ የማነሳው ደግሞ ሁልጊዜ የጎረቤቷ ልጅ ጥሪ ይሆናል።

ደብዳቤው የመጣው በስምንተኛው ሳምንት ነው፤ ኃላፊው ራሱ ይዞት ደረጃውን ወጣ። አክስቴ ጭልፊት እየቆጠረች ስለነበር «እስኪያልፉ ቆይ» አለችው። አስቆመችው። ሃያ ሰባት ጭልፊት አለፉ። ከዚያ ተቀብላ አነበበች፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው፣ «ሦስቱም ፈርመዋል» አለችኝና ዞረች። ጀርባዋን ሰጥታን ብዙ ቆየች። ሰማዩ ላይ ያን ጊዜ ምንም ወፍ አልነበረም።

በዋና ቆጣሪነት የመጀመሪያ ሥራዋ የአሥሩን ዓመት መዝገብ ከመደርደሪያ ማውረድ ሆነ። ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ በእርሳስ እያነበበች ናት። ርቀው የነበሩትን፣ ፀሐይ ፊት ለፊት የነበሩትን፣ ትዝ ያላትን ሁሉ ከጎናቸው ትንሽ ምልክት ታደርጋለች። አልሠረዘችም፤ «አሁን በትዝታ ብሠርዝ ያው ግምት ነው» ትላለች። «ግን የሚያነበው ሰው ይወቀው።» አንዳንዴ ብቻዋን «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ይሄንን እንዴት አወቅሽው?» ስትል እሰማታለሁ፤ ራሷን ነው።

ጠቅጠቆቹም ላይ ክር አሥራባቸዋለች፣ ለቀኙ ቀይ፣ ለግራው ሰማያዊ። የማማው ግድግዳ ላይ «ጠቅጠቅ የያዘ ልጅ አይዝም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በእሷ ትእዛዝ። ሚጡን ግን ከሥራ በኋላ ሳላመጣላት ከቀረሁ ታኮርፈኛለች።

ባለፈው ሳምንት ሥልጠና ጀመረች። ከሠልጣኞቹ አንዱ ጡረታ የወጡ ፖስታ አዳይ ናቸው፤ ዓይናቸው ጥሩ ነው፣ ችኩል ናቸው። ገና ማማው ላይ እንደወጡ ከሐይቁ ማዶ ጣታቸውን ቀስረው «ንስር፣ ያውና ንስር» አሉ።

አክስቴ በመነጽሩ አየችና ቦታውን ለቀቀችላቸው። «ይዩት እስቲ፣ አድራሻው ተጽፎበታል እንዴ? እሱ እኮ ገና ነጥብ ነው፣ ወንድሜ። ይቅረብ፣ እንጠብቀው።»

ሁለቱም ክንዳቸውን መደገፊያው ላይ አድርገው መጠበቅ ጀመሩ። እኔም እርሳሴን ያዝኩ።